ድምፅ የሌለው ጥቅል

ወንድሜ አይሰማም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ ቀልድ ይመስላል። አሰላ ላይ ጥላ ዘርግተው ሲም ካርድ ለሚሸጡት ልጆችም ቀልድ መስሏቸው ነበር።

«ድምፅ የሌለው ጥቅል አላችሁ?» አልኩት አንዱን።

«እንዴት ድምፅ የሌለው?»

«ቴክስትና ትንሽ ኢንተርኔት ብቻ። ደቂቃ አልፈልግም።»

«እናት፣ ከሰውዬሽ ጋር ተኳርፋችሁ ነው?» አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ሳቀ። «ነገ መታረቃችሁ አይቀርም፤ ድምፅ ያለውን ውሰጂ። የምርቃት ደቂቃ አለው።»

«ለወንድሜ ነው። ጆሮው አይሰማም። ምርቃቱን አንተ አውራበት።»

ሳቃቸው ቆመ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ አፌ ይቀድመኛል፣ ሰው ሲያፍርም ማየት አልጠላም። ግን እዚያ ጥላ ሥር ማፈር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ወንድሜ ታላቄ ነው። በትውልድ ከተማችን በጢቾ፣ ገበያው ዳር ካለች በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። ተማሪ እያለ ማጅራት ገትር ይዞት ነፍሱ ተረፈች፣ ጆሮው ቀረ። መናገሩን አልረሳም፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ግን ይጮኻል። ምስጢር ሲነግረኝ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮኝ ያውቃል።

ቤት ውስጥ ጆሮው እኔ ነበርኩ። መጥፎ ጆሮ። አጎታችን ከአዳማ ይደውልና ወሬውን ይዘረግፈዋል፤ እኔና እማዬ በሳቅ እንፈርሳለን። ወንድሜ መቀሱን አስቀምጦ አፋችንን ያያል። «ምን አለ?» ይላል። «ሰላም ብሎሃል» እለዋለሁ። የሰው ሠርግ፣ የመሬት ክርክር፣ የዘመድ ፍቺ፣ ሁሉም እሱ ጋ ሲደርስ «ሰላም ብሎሃል» ይሆናል። አንድ ጊዜ «ይሄ ሰውዬ ሰላም ለማለት ይሄን ሁሉ ይለፋል?» አለኝ። ሳቅን። እሱም ሳቀ። እሱ የሳቀው እኛ ስለሳቅን ብቻ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

አስራ ሁለተኛን ስጨርስ ነጥብ አልመጣልኝም። ጢቾ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ እማዬም «የዚች ልጅ መቀመጫ እሾህ አለበት» ትላለች። አሰላ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ሲገኝ ልብሴን በፌስታል አድርጌ ሄድኩ። ወንድሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣ በቀስታ የተናገረ መስሎት፣ «አሁን ማን ይነግረኛል?» አለኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። በእጄ «እመጣለሁ» አልኩት፣ መኪናው ወጣ።

በመጀመሪያው ደሞዜ ለራሴ ስልክ ገዝቼ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን አሮጌውን ለእሱ ሰጠሁት። ቀፎው ቀላል ነበር፤ የከበደኝ ጥቅሉ ነው። ሁሉም ነገር የሚሸጠው ለሚሰማ ሰው ነው። ርካሹ ጥቅል ደቂቃ አለው፣ የሌሊቱ ቅናሽ ደቂቃ አለው። ወንድሜ የማይጠቀምበትን ድምፅ ለምን ይክፈል?

አዲስ የመጣው የስልክ ድርጅት ዋጋው ጥሩ ነበር። ሲሙን ገዝቼ ልሞክረው ጢቾ ይዤው ሄድኩ። የወንድሜ በረንዳ ላይ የእነሱ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ከገበያው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ስዞር፣ እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ እናት «ልጄ፣ ዱዓ ላይ ነሽ?» አሉኝ። «አዎ እናቴ፣ አሚን ይበሉልኝ» አልኳቸው። አሚን አሉ። ኔትወርኩ አልመጣም።

ወደ ነባሩ ተመለስኩ። ስልኬ ላይ የጥቅሎቹን ዝርዝር እየነካካሁ ወደ ታች ስወርድ፣ ሰው የማይደርስበት ቦታ ላይ የምፈልገውን አገኘሁት፤ የሳምንት ጥቅል፣ ቴክስትና ጥቂት ዳታ፣ ያለ አንዲት ደቂቃ። በስጦታም ይላካል። በየሳምንቱ እየገዛሁ ልልክለት ወሰንኩ። ጎበዝ ነሽ አልኩ ለራሴ።

ስልኩን ያስለመድኩት እኔ ነኝ፣ በችኮላ። የምነግረውን ስክሪኑ ላይ እየጻፍኩ አሳየሁት። በእኛ ፊደል አትጻፍ፤ አንዱ መልእክት እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ በላቲን አድርገው። ከድርጅቱ የሚመጣልህን አታንብበው፣ ማስታወቂያ ነው። በመጨረሻም፣ ቆጥብ፣ አታባክን።

«እሺ! አላባክንም!» ብሎ ጮኸ።

በመጀመሪያው ቀን «ደርሶኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ዝም። አንድ ገጽ የሚያህል እጽፍለታለሁ፤ ስለ አከራዬ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ስለሚያስጠርዙ ተማሪዎች፣ የጋሪ ፈረስ ባጃጅ ነክሶ ስላስነሳው ጠብ። መልስ የለም። ሲበዛ «እሺ» ትመጣለች። ሳምንት በሳምንት ላይ ተደረበ። ተቀይሞኛል አልኩ። ጥላኝ ሄደች ብሎ ነው፣ ልክ ነው አልኩ። እማዬ ስትደውል «ደህና ነው፣ ይሰፋል» ትለኛለች፤ ለምን እንደማይጽፍ ጠይቂልኝ ማለት ግን አልደፈርኩም። አፌ ለሲም ሻጭ ነው እንጂ ለዚህ አይሠራም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ጥቅሉን መላክ ነው። ዝም ባለኝ ቁጥር ሳላሳልፍ እልካለሁ። ካሳ መሆኑ ነው።

መጨረሻ ላይ አልቻልኩም፤ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። እያካፋ ነበር። ወንድሜ የተማሪ ደንብ ልብስ ሲሰፋ አገኘሁት። ሲያየኝ የስፌት መኪናውን አቁሞ «መጣሽ!» አለ፤ ገበያው ደነገጠ። ሳልቀመጥ ስልኬ ላይ ጽፌ አፍንጫው ሥር አደረግኩለት፤ «ለምን አትጽፍልኝም? ተቀይመኸኛል?»

አንብቦ ሳቀ።

«ምን ያስቀይመኛል? እያጠራቀምኩ ነዋ!»

አልገባኝም። እሱ ግን ደስ ብሎት ቀጠለ። «ክረምት ሲገባ መንገዱ ይበላሻል፣ እማዬን ጉልበቷን ይይዛታል። ያኔ ነው መጻፍ የሚያስፈልገው። አሁን ምን አለ? ዛሬም ጨርቅ፣ ነገም ጨርቅ።» ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎታል። «ብዙ ሆኗል አይደል? ስንት ደረሰልኝ?»

እዚህ አገር ሰው ገብሱን ጎተራ የሚከተው ሲጠግብ ነው። ወንድሜም መልእክት እንደ ገብስ ይቀመጣል ብሎ ነው። ማን ነገረው አይቀመጥም ብሎ? ሳምንቱ ባለቀ ቁጥር ከድርጅቱ ማሳሰቢያ ይመጣለት ነበር። አታንብበው ያልኩት እኔ።

ጻፍኩለት፤ «ሳምንቱ ሲያልቅ የተረፈው አብሮ ይጠፋል።»

ደጋግሞ አነበበው። «የት ይሄዳል?» አለኝ።

አላውቅም። ትከሻዬን ሰበቅኩ።

«ታዲያ አንቺ ነሽ እኮ ቆጥብ ያልሽኝ!»

አልተቆጣም። መጮኹ ልማዱ ነው። ግን ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «አንቺ፣ ምን ወስደሽበት ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ምንም» አልኳት። ውሸት ነበር።

ያን ከሰዓት ወንድሜ አልሰፋም። ጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስልኩን እየተቀባበልን ጻፍኩለት፤ ስለ አሰላ ሳይሆን ስለ ድሮው። አጎታችን የነገረንን፣ ሙሽራው የሠርጉ ቀን የተከራየውን ሱፍ ባለቤቱ ለሌላ ሠርግ ሊወስደው መጥቶ እንዴት እንዳስወለቀው። እኔና እማዬ ከስንት ጊዜ በፊት የሳቅንበትን ቀልድ እሱ ያን ቀን ሳቀበት፤ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ። እኔ አብሬው መሳቅ አቃተኝ። ስንቱን «ሰላም ብሎሃል» ብዬ እንደዋጥኩበት እየቆጠርኩ ነበር፣ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። የረሳሁትን ከየት አምጥቼ ልስጠው?

አሁን የወር ጥቅል ነው የምልክለት፤ ሳያልቅ ከታደሰ የተረፈው ወደሚቀጥለው ወር የሚያልፍ። ተመሳሳይ ዝርዝር ውስጥ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር። ዋጋው ብዙም አይበልጥም፤ ርካሹን ሳገኝ መፈለጌን አቁሜ ነው እንጂ። ወንድሜ ግን የሚያልፍ ነገር ማመን ትቷል። በአማርኛ ፊደል፣ እንደልቡ ያባክነዋል። «ዶሮ ክሩን ዋጠች።» «የሽንኩርቷ ሴትዮ ዛሬም ስላንቺ ጠየቀችኝ።» ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ሲንጫጫ አለቃዬ ያጉረመርማል። እኔ ድምፁን አልቀንስም።

ባለፈው ጁምዓ እማዬ ደወለች።

«ለዚህ ልጅ ምን ጻፍሽለት? ብቻውን ሲስቅ አመሸ። ምን አለች ብለው፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለሽ?»

«‹ሰላም ብላሻለች።›»

እማዬ ሳቀች። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ሳቋን አዳመጥኩ።

«ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?» አለች።