የአርፋጆች በር

አባባ ቁልፍ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የትምህርት ቤቱ ልጆች ናቸው፤ ወገቡ ላይ ያሰረው የቁልፍ ዘለላ ሲንኳኳ ከሩቅ ስለሚሰሙት። ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረው ፀጉሩ ገና ጥቁር ሳለ ነው፤ አሁን ሽበት ወርሶታል። ፊደል አልቆጠረም። መምህራኑ በዚህ ሲቀልዱበት፣ "እናንተ ቆጥራችሁ ምን አተረፋችሁ? ደመወዝ እንደሆነ አብረን ነው የምንጠብቀው" ይላቸው ነበር።

አንድ የራሱ ሕግ ነበረው። ከደወል በኋላ የመጣ ልጅ በዋናው በር አይገባም። በጓሮ ዞሮ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ የቆርቆሮ በር ያንኳኳል። አባባ ቁልፍ በሩን ገርበብ ያደርግና "ትናንት ምን ተማርክ?" ይላል። ልጁ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ነግሮ ይገባል። የጠፋበትም እዚያው ቆሞ እስኪያስታውስ ይጠበቃል እንጂ ወደ ቤቱ አይመለስም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓሣ በምን እንደሚተነፍስ፣ ዝናብ ከየት ተነስቶ ከየት እንደሚወርድ ከአርፋጆች አፍ ተማረ። የድሮዋ ርዕሰ መምህርት፣ "እርስዎን እኮ ያስተማሩዎት ሰነፎቹ ናቸው" ብላ ትስቅበት ነበር።

ከዚያ ያ የተረገመ ስብሰባ መጣ። መንግሥት ትምህርት ቤቱን ለድርጅት ሊሸጠው ነው ተባለ። ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ኮምፒውተሩን፣ ላብራቶሪውን፣ አረንጓዴውን ሜዳ ሁሉ በሥዕል አሳዩ። "የሠራተኞቻችን ልጆች ደግሞ በነጻ ይማራሉ" አሉ። ወላጁ አጉረመረመ። የአባባ ቁልፍ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ብድግ ብላ "የመንግሥት ሲሆን የኛም ነበር። ከተሸጠ በኋላ ማንን ነው የምንጠይቀው?" አለች።

ምን ነበር ያን ጊዜ አፉን ይዞ ቢቀመጥ! እጁን አወጣ። "እኔ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ልጆች መሬት ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ። የሚያድሰው ከተገኘ ማንም ይሁን፣ ይምጣ! የልጅ ልጄም እዚሁ ናት፤ ክፉ ቢሆን እኔ እሺ እላለሁ?" አለ። ሰዉ ደግሞ ያምነዋል፣ ልጆቹን በዚያ በር ያሳደገለት ሰው ነዋ! አጨበጨበ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ጣሪያው ተሠራ፣ ቀለሙም ተቀባ፣ አይካድም። ከዚያ ክፍያው መጣ። መጣ ብቻ? በየጊዜው እየጨመረ! የልብስ ሰፊዋ ልጅ ወጣ። የጋሪ ገፊው ልጆች ሁሉም ወጡ። ከወንዙ ማዶ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት "ሞልቷል፣ ቦታ የለንም" እያለ መለሳቸው። አባባ ቁልፍ አዘነ፤ ግን በልቡ "የኔዋስ በነጻ ናት" ይላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ደስም ብሎት ነበር።

አንድ ጠዋት የዘበኞች የደንብ ልብስ ተቀየረ። ደረቱ ላይ የማያውቀው የኤጀንሲ ምልክት ተሰፍቶበታል። "ከእንግዲህ ጥበቃው በኤጀንሲ በኩል ነው" አለው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ። "ሥራዎ ያው ነው፣ በሩም ያው ነው።" አባባ ቁልፍ አመሰገነ። ጉድ እኮ ነው፣ አመሰገነ! ኮቱ ወፍራም ነበር፣ ብርድ አያስገባም።

ብዙም ሳይቆይ የልጅ ልጁ ዋናው በር ላይ አዲስ የተተከለውን ማሽን የተማሪ ካርዷን ብታስነካው ቀይ አበራ። አባባ ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሮጠ።

"ማሽኑ ተበላሽቷል ልጄ።"

"አልተበላሸም አባት። በነጻ የሚማረው የሠራተኛ ልጅ ነው። እርስዎ የኤጀንሲው እንጂ የኛ ሠራተኛ አይደሉም።"

"እንዴ! እኔ? በሩ ከተተከለ ጀምሮ የጠበቅኩት?"

"እሱን ኤጀንሲውን ያነጋግሩ።"

ኤጀንሲው ዘንድ ሄደ። "እኛ ሰው እንቀጥራለን እንጂ ትምህርት ቤት የለንም" አሉት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እንዳይከፍል ከምኑ? ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ፣ ልጅቷ የምትበላው ያንኑ ደመወዝ ነው። እናቷ ሥራ ፍለጋ እንደወጣች ቀርታለች፤ ከሱ በቀር ዘመድ የላትም።

ልጅቷን ይዞ ሲሄድ ልብስ ሰፊዋን መንገድ ላይ ቢያገኛት አንገቱን ደፋ። "ውሻ በበላበት ይጮሃል" ብላ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ልጅቷን ሳብ አድርጋ ሳመቻት።

ልጅቷ ቤት ዋይ ብትባል አሻፈረኝ አለች። ዩኒፎርሟን ለብሳ ተከትላው መጣች። ዋናው በር ቀይ ሲያበራባት በጓሮ ዞራ የቆርቆሮዋን በር አንኳኳች። "እዚህማ ካርድ የለም" አለችው። እውነቷን ነው። ግን ከበሯ በላይ ካሜራ ተሰቅሏል፤ "በዚያ በኩል ማንንም ቢያስገቡ ሥራዎን ይርሱት" ተብሏል። "ዛሬ ተመለሺ የኔ እናት፣ አናግራቸዋለሁ" አላት። አናገራቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

በማግሥቱ ያቺ በር እንደገና ተንኳኳች። ገርበብ አደረጋት። ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች። ምላሱ ሳያስበው የለመደውን አወጣ።

"ትናንት ምን ተማርሽ?"

ልጅቷ ግንባሯን ቋጥራ የምሯን አሰበች።

"ትናንትም እኮ አላስገባኸኝም፣ አባባ።"

አባባ ቁልፍ ቀና ብሎ ካሜራውን አየ። በሩን ዘጋ። ቁልፉንም አዞረው። ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ ቆመ።

ልጅቷ ከወዲያ በኩል ቀስ ብላ አንኳኳች።

"አባባ? ያለፈው ወር የተማርኩትን ብነግርህስ?"