ጋቢ ይዘን ወደ ወጣቶች ደሴት

ናዝሬት፣ ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። እማዬ በመስኮት በኩል አንድ ወፍራም ጋቢ አቀበለችኝ።

«እማዬ፣ ኩባ እኮ ከናዝሬት ይሞቃል።»

«ይሙቅ! አማት ዘንድ ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?»

አማት ያለቻቸው ማማ ኤልቪራን ነው። ባለቤቴ ገመቹ በጦርነት ወላጆቹን አጥቶ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ለትምህርት ኩባ፣ ወጣቶች ደሴት ሲላክ፣ እሳቸው የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እንደ ልጃቸው አድርገው አሳደጉት። አሁን ሁለታችንም ከዓለም ጤና ከተማ ወዲያ ባለ የመንግሥት እርሻ የፍራፍሬ ባለሙያዎች ነን። ለአንድ ወር የብርቱካን ተክል ሥልጠና ኩባ ተልከናል፤ ሲያልቅ አራት ቀን ለጉብኝት ይሰጠናል።

በሠርጋችን ቀን በሙሽራው ወገን የተቀመጡት የእርሻው ባልደረቦች ብቻ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ታላቅ እህቴን አማቷ «ብርቄ» ስላሏት ዛሬም በዚያው ትጠራለች። ለእኔ ስም የሚያወጣልኝ አልነበረም። ገመቹ በዚያው ሳምንት ለማማ ኤልቪራ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጻፈ። መልስ አልመጣም።

ሐቫና፣ ከወር በኋላ፣ ቅዳሜ፣ አመሻሽ

የባሕሩ ግንብ ረጅም ነው። ጥንዶች ተቃቅፈው ተቀምጠውበታል። ማዕበሉ ግንቡን እየዘለለ አስፋልቱን ያጥባል። ውሃው ሰማያዊ ነው፤ ከላንጋኖ ቡናማ ውሃ ሌላ የማላውቅ እኔ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። አይስክሬም ገዝተን ተቀመጥን። እኔ ቦርሳዬን በመሃላችን አኖርኩ።

«እዚህ ማንም አያይሽም» አለ ገመቹ እየሳቀ።

«አንተ ታየኛለህ።»

ቆይቶ ሳቁ ጠፋ። «ማማ ስንት መቶ ልጅ አብልታለች። ብትረሳኝስ?»

ቦርሳዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁና እጁን ያዝኩት። ውጭ፣ ሰው ፊት፣ እጁን ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ደሴቱ፣ እሑድ ጠዋት

ወደ ባታባኖ ወደብ የወሰደን ባለታክሲ ጋቢውን አይቶ፣ «ወደ በረዶ አገር ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለ። ገመቹ ሲተረጉምልኝ ሦስታችንም ሳቅን። ጀልባው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔን አስመለሰኝ። ባለቤቴ ጀርባዬን እያሻሸ ዓይኑን ከአድማሱ አልነቀለም።

ደሴቱ ላይ ነጫጭ የእምነበረድ ኮረብቶች፣ ጥቁር አሸዋ ያለው ዳርቻ፣ ማለቂያ የሌለው የብርቱካን ተክል አለ። «እዚህ መስመር ላይ ጠዋት ጠዋት እንለቅም ነበር» አለኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ማማ ኤልቪራ ጡረታ ከወጡ መቆየታቸውን ነገረንና ቤታቸውን ጠቆመን። ደብዳቤዎቹም አልደረሷቸውም ማለት ነው።

በሩን የከፈቱት አጭር፣ ወፍራም፣ ጥቁር ሴት ናቸው። ገመቹን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ጠጋ ብለው እንደገና አዩት።

«አንተ!» አሉ በመጨረሻ፤ «ጥቁር ባቄላ የማትበላው!»

ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የእኔ ተራ ሲደርስ እንደ ወጉ ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ አልኩ። ማማ ኤልቪራ የወደቅሁ መስሏቸው «ውሃ! ውሃ አምጡ!» እያሉ በብብቴ ይዘው አነሱኝ። ገመቹ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ፤ ከዚያ ጉልበት መሳምም የሙሽራ ስምም በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ አስረዳቸው። በጽሞና ሰሙት።

«ስም ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ነገ እነግራችኋለሁ» አሉ። «አሁን ብሉ።»

ያቀረቡት ሩዝና ጥቁር ባቄላ ነው። ገመቹ ሁለት ሳህን በላ።

ወደቡ፣ ሰኞ፣ 4 ሰዓት

ማማ ኤልቪራ በዚያ ሙቀት ጋቢውን ለብሰው ሸኙን። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፤ ገመቹ «አውልቂው እንጂ ማማ» ሲላቸው «የልጄ ስጦታ ነው፣ አንተ ምን አገባህ!» ይሉታል። ጀልባው ሲጮህ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ማሪሶል» አሉኝ። ባሕርና ፀሐይ ማለት ነው፣ አለኝ ገመቹ።

ናዝሬት፣ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

አውቶቡስ ተራው በአቧራ ተሸፍኗል። እማዬ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ጋር ቆማለች። ገና ሳትስመኝ «ማን አሉሽ?» አለች።

«ማሪሶል።»

ሁለት ሦስት ጊዜ በአፏ አገላበጠችው። ከዚያ ወደ እትዬ ዘይነባ ዞራ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ፣

«አማቷ ናቸው ያወጡላት!» አለች።

ገመቹ ሁለቱንም ሻንጣ መሬት አስቀምጦ ቆመ። እማዬ «አማቷ» የምትለዋን ቃል ደግማ እስክትናገራት ድረስ አላነሳቸውም።