በኔ «አዋ» ወደ ኋላ የተገፋው ፏፏቴ

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት... እሺ ልል ስብሰባ ሄጄ የተቃውሞ መሪ ሆኜ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

የምሠራው ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር ነው። ስፓዛዬ፣ ያው ዳቦና ሳሙና የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ፣ የተዘጋ የድስት ፋብሪካ አጥር ላይ ተለጥፋ ነው ያለችው። ፋብሪካው ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም የሚያበስለው በዚያው ድስት ነው። ጎረቤቴ ጎጎ ማፑሌ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያ ውስጥ የድስት እጀታ ሲበይዱ ነው። ጎጎ ማለት እዚህ አያት እንደማለት ነው። አሁንም ሱቄ በራፍ ላይ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጡና ያንን የዛገ በር ሲያዩ ይውላሉ።

ታዲያ የኮሮናው ሎክዳውን ትንሽ ላላ ሲል፣ አንድ ኩባንያ ፋብሪካውን ገዝቶ «ሊያለማው» ነው፣ ነዋሪው ይምጣና ሐሳቡን ይስጥ ተባለ። ጎረቤት ሰፈር ቶኮዛ ያለው ሸሪኬ ታምራት ወዲያው ደወለ።

«አደራህን እንዳትከራከር! ያሉህን ሁሉ እሺ በል። እኛ እሺ እያልን አይደል እዚህ የደረስነው?»

«ዝም ብልስ? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

«እሱ አገራችን ሆሳዕና ነው። እዚህ ዝም ያለ ሰው ይጠረጠራል። እሺ በል!»

እሺ አልኩት። እንግዲህ ልምምዱን ከሱ ጀመርኩ ማለት ነው።

በር ላይ እጃችንን ሳኒታይዘር ረጩብን፣ ተራርቀን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። ከኩባንያው የመጣው ሰውዬ ሱፍ ለብሶ ፊቱን በፕላስቲክ መከለያ ሸፍኗል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቀለ... አፓርታማ፣ ዛፍ፣ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች፣ ውሻዋን የምታናፍስ ሴት። ድስት እንኳ የለም።

ጎጎ ማፑሌ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ሥዕሉ ያምራል። ግን የሚሠራ ሰው የታለ? ሁሉም ይንሸራሸራሉ።»

«በጣም ጥሩ አስተያየት ነው» አላቸውና አብራው የመጣችውን ጸሐፊ እንኳ ጻፊው ሳይላት ቀጠለ። ሌላ የተናገረ ሰው የለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

እኔ እዚያ ሥዕል ላይ ሱቄን እየፈለግኩ ነው። ከበሩ በስተግራ... ከመብራት ምሰሶው ቀጥሎ... አገኘሁት። ሱቄ ያለችበት ቦታ ላይ ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ ፏፏቴ ተስሏል። ፏፏቴው ውስጥ ነጭ ዳክዬ ይዋኛል።

ክው አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ የቆምኩባት፣ እናቴና ሁለት እህቶቼ አገር ቤት የሚተዳደሩባት ሱቅ... ዳክዬ ወርሷታል!

ሰውዬው ልክ በዚህ ሰዓት ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

«አንተስ ማይፍሬንድ፣ ትስማማለህ አይደል?»

በዚህ ሰፈር የሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ማይፍሬንድ ነው። «የስ» ማለት ነበረብኝ። በዙሉ «የቦ» ማለትም አያቅተኝም፤ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ስል ነው የምውለው። ሰው ሲደነግጥ ግን ከአፉ የሚወጣው የልጅነቱ ነው። በማስኬ ውስጥ ሆኜ በሆሳዕና አማርኛዬ ጮህኩ።

«አዋ! አዋ!»

 ከዚያ ጎጎ ማፑሌ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ያጨበጭቡ ጀመር። ያኔ ነው የገባኝ። በሳቸው ቋንቋ፣ በፔዲ፣ «አኦዋ» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው። ማስክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከኔዋ «አዋ» ጋር አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው።

ላስተካክል ብዬ ተነሳሁ። እጄን እያወናጨፍኩ በእንግሊዝኛ «ኖ! ኖ! ኖ!» አልኩ።

አያችሁልኝ? ስህተቴን ላርም ብዬ በሌላ ቋንቋ ደገምኩት። ያ ሁሉ መሬት ሲያይ የነበረ ሰው ተነስቶ «አኦዋ! አኦዋ! ማይፍሬንድ! ማይፍሬንድ!» እያለ ግቢውን በጭፈራ አናጋው። የሰውዬው መከለያ በላቡ ጉም ለበሰ። ጸሐፊዋ አሁን እየጻፈች ነው።

ቤት ስገባ ታምራት ደወለ።

«እሺ አልክ?»

«በደንብ አድርጌ» አልኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። በሰው ሀገር ኩባንያ ላይ ያመፀ ስደተኛ መጨረሻው ምን እንደሚሆን መገመት አያቅተኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪና በቆመ ቁጥር ልቤ ይቆም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ያ ሰውዬ አዲስ ሥዕል ይዞ ሱቄ ድረስ መጣ። «የነዋሪው ተቃውሞ ጠንካራ ስለነበር አሻሽለነዋል» አለ። ፏፏቴው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ሱቄ ቦታዋ ላይ ናት። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት የብየዳ ወርክሾፕ ተጨምራለች፤ በሯ ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ትበይዳለች። ዳክዬውም አልተባረረም።

ሰውዬው ሲሄድ ጎጎ ማፑሌ ሥዕሉ ላይ ያለችውን በያጅ በጣታቸው ነኩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ፋብሪካው ሲዘጋም ሰብስበው ትስማማላችሁ ወይ ብለውን ነበር» አሉኝ። «ሁላችንም እሺ አልን። እኔም እሺ አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

ከዚያ አተኩረው አዩኝ።

«ንገረኝ ልጄ... ያን ቀን ተሳስተህ ነው እንዴ?»

እሳቸውን መዋሸት አልቻልኩም። እውነቱን በራሴ ቋንቋ ነገርኳቸው።

«አዋ።»

«አውቄዋለሁ!» ብለው በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

እኔ እውነቱን ተናገርኩ፤ እሳቸው ደግሞ ደስ የሚላቸውን ሰሙ።