ብትጥል እኔን ትጣል

አያቴን አባባ እንላቸው ነበር። ስኩተር ጠግነው ሲጨርሱ ቁልፉን ቶሎ ለባለቤቱ አይሰጡም። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው መጀመሪያ ራሳቸው ይወጡባታል። «ብትጥል እኔን ትጣል» ይላሉ። በሰፈራችን በካርቲየ 4 ያለ ሰው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር፤ እኔም ጭምር!

ወንድሜ ለስኩተሩ የሚያብረቀርቅ ማርሚታ፣ አዲስ የጭስ ማውጫ፣ ገዝቶ የመጣ ቀን ግን አልሳቅሁም። አባባ የድሮውን ፈትተው አዲሱን ገጠሙና ፊታቸው ተቀየረ።

«ይሄ ጭሱን ቶሎ ይተፋል» አሉ። «ካርቡራቶሩን አስተካክያለሁ፤ ነዳጁ ካልበቃት ግን ሞተሩ ግሎ ድርቅ ይላል፤ ጎማውም ይቆለፋል።»

«እኔ ልሞክራት በቃ!» አለ ወንድሜ።

«አንተ ገና አላገባህም፤ ዞር በል!» ብለውት በጋቦዴ መንገድ ነዱ።

በር ላይ ቆሜ ድምፁን በጆሮዬ ተከተልኩት። እንደ ተርብ እየጮኸ ራቀ፣ ራቀ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። «ሞቱ» ብዬ አሰብኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ስኩተሯን እየገፉ መጡ፤ ክርናቸው ተልጦ ይደማል።

«አላልኩም?» አሉና ሳቁ።

አሁን አባባ የሉም። ወንድሜም ስኩተሯን ለእኔ ትቶልኛል። ባለፈው ሳምንት ሌላ መካኒክ ሞተሯን ጠግኖ ቁልፉን ዘረጋልኝ።

«ሂጂ፣ ሞክሪያት» አለኝ።

ከእኔ በፊት ማንም ያልሞከረው ነገር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አመስግኜው እስከ ቤት በእግሬ ገፋኋት። ይኸው እስከ ዛሬ በራችን ላይ ቆማለች።