መጽዳቴን የደበቅኩባቸው ዐሥር ቀናት

ይህ የደረሰብኝ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ ነው፤ ሞባይል ገና በየሰው ኪስ ሳይገባ። ልጄ ዛሬ በቁመት በልጣኛለች፤ እኔ ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ አፍራለሁም።

ቤታችን አብነት ነበር። ባለቤቴ መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ ይሸጣል። አማቴ ሊያርሱኝ ከስልጤ መጥተው ከእኔና ከሕፃኗ ጋር ስለሚተኙ እሱ ወደ ሳሎን ተባሯል። አርባ ቀን እስኪሞላ ነው እንግዲህ።

ደሙ ግን አርባውን አልጠበቀም፤ በሃያ ስምንተኛው ቀን ቆመ። በኛ ሃይማኖት ደሙ የቆመላት ሴት ወዲያው ታጥባ መስገድ አለባት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሰገደች ሴት ጸድታለች፤ የጸዳች ደግሞ ለባሏ ትፈቀዳለች። መስገጃ ዘረጋሁ ማለት ለቤቱ ሁሉ አዋጅ አስነገርኩ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስወልድ ተሰፍቼ ነበር፤ መቀመጥ እንኳ ያሳቅቀኛል። የባልን ነገር ማሰቡንማ ተዉት። ይህን ለማን ይነግሩታል?

መጽዳቴን ደበቅኩ። አዛን ሲል ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ እመስላለሁ። ሶላት ባለፈኝ ቁጥር ወንጀሌ ይቆለላል፣ እኔ ገንፎዬን እበላለሁ። እንዲህ እያልኩ ዐሥር ቀን ሄደ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤታችን ጋር አንዲት የወሎ ሴትዮ ሊጠይቁኝ መጡ። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። አማቴና ጎረቤቷ ጓዳ ገብተው ሳለ አዛን ተሰማ። ሴትዮዋ ሊሰግዱ ሲነሱ፣ ገና አልጸዳሽም ወይ ብለው ጠየቁኝ። የማላውቃቸው ስለሆኑ ይሁን ስለሰለቸኝ እንጃ፣ እንባዬ እየቀደመኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

አልተቆጡኝም። ፈገግ ብለው፣ "ልጄ፣ ሶላቱ የአላህ ሐቅ ነው፤ አይቆይም። ሌላው ግን ተፈቀደ እንጂ ዛሬውኑ ይሁን ማን አለሽ? ቁስሉን ሐኪም ይይልሽ። ለባልሽም ንገሪው፤ ካልነገርሽው በምን ያውቃል?" አሉኝ።

የዚያኑ ቀን ታጥቤ የምሽቱን ሶላት፣ መግሪብን ሰገድኩ። ጨርሼ ዞር ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሟል። ደስ ይለዋል ብዬ የጠበቅኩት ሰው ደንግጧል። አማቴ ወጣ ሲሉልን፣ "ጸድቻለሁ፤ ግን አልዳንኩም። እፈራለሁ" አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰ። ለካ እሱም የወለድኩ ቀን በር ላይ ቆሞ ጩኸቴን ሰምቶ፣ ዳግም እንዳያሳምመኝ ሲፈራ ከርሟል። አርባው ሲቃረብ ጭንቅ ቢይዘው ሱቁን ዘግቶ አንድ ሸኽ ዘንድ ሄዷል።

"አንዳንዷን ደሙ እስከ ስልሳ ቀን ያቆያታል አሉኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ስልሳ እንዲያደርግልን ዱዓ ላይ ነበርኩ።"

ሳቃችን ሕፃኗን ቀሰቀሳት። አማቴ ምን ሆናችሁ ብለው ሲመጡ ሕፃኗ ናት ያሳቀችን አልናቸው።

እኚያን ሴትዮ ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም፤ ዱዓዬ ግን አይለያቸውም። ያሳለፍኩትን የዐሥር ቀን ሶላት ባለቤቴ ልጅ እየያዘልኝ እንደ ዕዳ ቀዳ አወጣሁ። ስልሳው ቀን መጣ፣ አለፈም። አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ዛሬም ድረስ ሳስበው ደስ የሚለኝ ይኸው ነው፤ ድኜ፣ ፍርሃቴ ለቆኝ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ።