ሰዓዳ የሰማችው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ባለው ቢሯችን አዲስ የተቀጠረች ልጅ የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አውርዳ፣ "እትዬ ጸጋ፣ ሰውየው ዝም ሲል ምን ብዬ ልጻፍ?" ስትል ጠየቀችኝ። ለሥራው አዲስ የሆነ ሁሉ የሚጠይቀው ነገር ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። እኔ ግን አፌ ላይ ደርሶ ቀረብኝ። ልጅቷ ያጠፋች መስሏት ስትደነግጥ አየሁና፣ "'ዝምታ' ብለሽ ጻፊ፣ የኔ ልጅ" ብያት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ከታች የሚታየው የባጃጆቹ መብራት ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ክረምት፣ ይኸው ጥያቄ እኔንም ገጥሞኝ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ተመርቄ ሥራ ሳጣ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው የወላጆቼ ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሥራውን ቨርቹዋል አሲስታንት ይሉታል፤ ሩቅ አገር ላለ፣ ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ሰው በኢንተርኔት ጸሐፊ መሆን ማለት ነው። ኢሜይሉን አነባለሁ፣ ቀጠሮውን እይዛለሁ፣ ትኬት እፈልግለታለሁ፣ በድምፅ የቀዳውን በጽሑፍ እገለብጣለሁ። ለሰፈር ሰው ማስረዳቱ ያደክመኝ ስለነበር "ጽሕፈት ነው" ብዬ እገላገል ነበር። አባቴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ብቻ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን እያየ፣ "የሰው ደብዳቤ ስታነቢ አይከብድሽም?" አለኝ። ያኔ አልከበደኝም ነበር።

ሥራው ሲበዛ ሰዓዳን ጠራኋት። ሰዓዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል አብረን አድረናል። እንደ እሷ ያለ ጆሮ ያለው ሰው አላየሁም። አነጋገሩ የተኮላተፈ፣ ቀረጻው የተበላሸ፣ እኔ አሥር ጊዜ መላልሼ ያልገባኝን እሷ አንዴ ሰምታ ትጽፈው ነበር። በየማለዳው ሚኒባስ ይዛ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘች ትመጣለች። ከቆላው ሙቀት ስለምትመጣ ደሴ ስትደርስ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ደግሞ ያፈነኛል እያለች መስኮት ከፍታ ነው የምትቀመጠው። እናቷ የሚልኩትን በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ በፌስታል ይዛ ትመጣና እየተቆራረስን ሥራ እንጀምራለን።

ሐምሌ ላይ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አገኘን። ቶማስ እለዋለሁ። በባሕር ዳርቻ ባለ ቀዝቃዛ አገር የሚኖር፣ ዕድሜውን በመርከብ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። መጀመሪያ ደብዳቤዎቹን ብቻ ነበር የምንመልስለት። ትንሽ ቆይቶ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ "ጆሮዬ እየደከመ ነው። ጠዋት ጠዋት ከባለቤቴ ከኖራ ጋር ቁርስ ላይ የምንጫወተውን እየቀዳሁ እልክላችኋለሁ። ላነበው ስለምፈልግ የሁለታችንንም ቃል ሳታስቀሩ ጻፉልኝ።" ሥራችንን ከወደደው፣ ትዝታቸውን በድምፅ የሚቀዱ የጡረተኛ መርከበኞች ማኅበር እንዳለና የማኅበሩን ሥራ በሙሉ እንደሚያሰጠን ጨመረበት። እኔም ልቤ ተነሣ። ገና ሳይሰጠን ፒያሳ አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ ለሁለት ሥራ ፈት ጓደኞቻችንም "ተዘጋጁ" አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ቀረጻ ራሴ ነበርኩ የሰማሁት። የሽማግሌው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወንበር ይስባል፣ ስለ አየሩ ይናገራል፣ ይጠይቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ቀጥሎ መልስ እንደተሰጠው ሰው "እሱስ ልክ ነሽ" ይልና ይስቃል። የሴት ድምፅ ግን የለም። ምናልባት ከመቅጃው ርቃ ተቀምጣ ይሆናል ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። የሰማሁት ነፋስና የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። በኖራ ተራ ሁሉ "አይሰማም" ብዬ ሞልቼ ላክሁ።

በማግስቱ መለሰልኝ። ቁጣ የለበትም። "ኖራ ዝግ ብላ ነው የምትናገረው። እባክሽ ሌላ ጆሮ ይሞክረው። ካልሆነም ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

ለሰዓዳ ሰጠኋት። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቶቿ ብቻ ሲሮጡ አያለሁ። ስትጨርስ ወረቀቱን አነበብኩ። በኖራ ቦታ ሁሉ ቃል አለ። "ዛሬ ነፋስ ነው፤ ካፖርትህን ደርብ" ይላል። "ለእህትህ ልጅ ሳትጽፍላት ሳምንት አለፈ" ይላል።

"ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ከየት አመጣዋለሁ? ስትናገር ሰምቼ ነዋ።"

ማዳመጫውን ተቀብዬ በጠቆመችኝ ቦታ ሰማሁ። ነፋስና ሰዓት።

"ሰዓዳ፣ ምንም የለም እኮ።"

"ወላሂ ትናገራለች። ዝግ ብላ ነው እንጂ። አንቺ ችኩል ስለሆንሽ ነው።"

እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁ፤ አልቀለደችም። እያንዳንዱ ሥራ ሲወጣ ግርጌው ላይ "አዳምጬ አረጋግጫለሁ" የሚል ቃል አለ፤ ከሥሩ የኔ ስም ይገባል። ለደንበኞቻችን የገባነው ቃል ይኸው ብቻ ነበር። ያን ዕለት ጣቴ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ስሜን ጽፌ ላክሁት። "እሷው ናት" ሲል መለሰ ሽማግሌው። "ቃሏ ይኸው ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

የማኅበሩ ሥራ መጣ። ሁለቱ ልጆችም ገቡ፤ የፒያሳው ክፍል በሰው ሞላ። የቶማስ ቀረጻ ግን ከሰዓዳ ሌላ ማንም አይነካውም ነበር፤ እኔም መስማቱን ትቼ መፈረም ብቻ ሆነ ሥራዬ። ነሐሴ ሲገባ ሰዓዳ ተለወጠች። እያወራናት ጭልጥ ትልና ለማንም ያልሆነ "እሺ" ትላለች። ማዳመጫውን አውልቃ ካስቀመጠች በኋላ እንኳ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። "ምን ሆነሻል?" ስላት "ሳሏ በረታባት" አለችኝ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኋትም።

አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የጨረሰችውን ሥራ ሰጠችኝና ሻይ ልታመጣ ወጣች። እንዲህ ይላል፦

"ኖራ፦ ልጅቷን በርዷታል። መስኮቱን ዝጊ በላት።

ቶማስ፦ የትኛዋን ልጅ?

ኖራ፦ የምትሰማንን።

ቶማስ፦ እዚህ ማንም የለም፣ የኔ ፍቅር። መስኮቱም ዝግ ነው።"

የሰዓዳ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠረጴዛዋ ላይ ዝናብ አርፎበታል። ማዳመጫውን አንሥቼ ቦታውን ፈለግሁት። የሴቲቱ ድምፅ የለም። ከነፋሱ መሐል ግን የሽማግሌው ድምፅ፣ እኔው በጆሮዬ ሰማሁት፣ "የትኛዋን ልጅ?" አለ። ዝም አለ። "እዚህ ማንም የለም፣ የኔ ፍቅር። መስኮቱም ዝግ ነው።" ቀረጻው የተላከልን ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ለሰዓዳም አልነገርኳት፤ ለማንም አልነገርኩም። ያንንም ፈርሜ ላክሁት።

በዚያው ሳምንት የማላውቃት ሴት ጻፈችልኝ። የቶማስ የእህት ልጅ ናት። "አክስቴ ኖራ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው" ይላል ደብዳቤው። "አጎቴ ብቻውን ነው የሚኖረው። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ወድቆ መሬት ላይ አገኘሁት። ወደ እኔ ቤት ልውሰድህ ስለው የናንተን ወረቀት አውጥቶ ያሳየኛል። 'አትሂድ ብላኛለች' ይለኛል። ከሥሩ ያንቺ ስም አለ። አዳምጬ አረጋግጫለሁ ይላል። ንገሪኝ፣ ምን ሰማሽ?"

ሰዓዳን ውጪ ጠርቼ አነበብኩላት። መንገድ ዳር ቆመን ነው፤ ካፊያው ፊታችን ላይ ይወርዳል። መሞቷን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አልደነገጠችም። "አውቄ ነበር" አለች። "በሕይወት ያለ ሰው እንደዚያ አይናገርም።"

"'አትሂድ' ያልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ምን ብዬ? የሰማሁትን ነው የጻፍኩት። አንቺ ያልሰማሽውን ስትፈርሚ የት ነበርሽ?" አለችኝ። ሻርቧን አጥብቃ ወደ መናኸሪያው ወረደች። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰችም።

አባቴን ነገርኩት። ስለ ሙታንና ስለ መናፍስት ጥቅስ ጠቅሶ የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ፣ "አንቺ ሰምተሻታል?" አለኝ።

"አልሰማኋትም፣ አባዬ።"

"ታዲያ ስምሽን ምን ብለሽ አኖርሽበት?"

ክፍሉ ይከፈት ብዬ፣ ልጆቹ ሥራ ይኑራቸው ብዬ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ "እሷው ናት" መባሉን ወድጄው ነበር። በማግስቱ ለሽማግሌውም ለእህቱ ልጅም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፍኩ። የባለቤትዎን ድምፅ አንድም ቀን አልሰማሁም፤ የሰማችው ሌላ ሰው ናት፣ እሷም አልዋሸችም ብዬ አምናለሁ፤ የዋሸሁት ሳልሰማ የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ማኅበሩ ነገሩን ሰምቶ ሥራውን ወሰደብን። ልጆቹን ይቅርታ ጠይቄ አሰናበትኩ፤ የፒያሳውን ቁልፍ መልሼ ወደ ሳሎኑ ጥግ ገባሁ። አንደኛዋ ልጅ ለብዙ ጊዜ አላናገረችኝም።

ቶማስ ግን መለሰልኝ። "ጆሮዬ ደህና ሳለ፣ ከሞተችም በኋላ እሰማት ነበር" ይላል። "ከደከመ ወዲህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነው የማየው። ግማሹን ከከንፈሯ አነባለሁ፤ ግማሹ ያመልጠኛል። ሌላ ጆሮ የፈለግሁት ለዚህ ነው። አሁን 'አትሂድ' ማለቷን እርግጠኛ ካልሆንኩ፣ እዚህ ተቀምጬ የእህቴን ልጅ ማስጨነቅ አልችልም። ነገ እሄዳለሁ። መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ እተወዋለሁ። የእህቴ ልጅ በኋላ ትልክልሻለች። ስሚልኝ።"

ቀረጻው መስከረም መባቻ ላይ ደረሰኝ። ወላጆቼ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር፤ ረፋድ ነው፤ ከብዙ ቀን በኋላ ፀሐይ ወጥቷል። ማዳመጫውን አደረግሁ። ሽማግሌው ኮቱን ሲለብስ፣ በር ሲዘጋ፣ መኪና ሲርቅ ይሰማል። ከዚያ ባዶ ቤት። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ልዘጋው ስል ደረጃ ተንቋቋ። አንድ ሰው ሳይቸኩል፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ትንሽ እያረፈ ይወርዳል። ወለሉ ላይ ደረሰ። ወደ ጠረጴዛው መጣ፤ መቅጃው አጠገብ ቆመ። አልተናገረም። ጎንበስ ብሎ ሲተነፍስ ግን ትንፋሹ ግራ ጆሮዬ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ነቅዬ ወረወርኩና በባዶ እግሬ ደጅ ወጣሁ። ጥግ ላይ በቆሎ የሚጠብሱ ሴትዮ ነበሩ። ሳይርበኝ እሸት ገዝቼ፣ የመንገዱን ጫጫታ ለመስማት ብቻ አጠገባቸው ቆምኩ።

በዚያው ቀን ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ጭጋጉ ሚኒባሱን ውጦት ሹፌሩ በጥሩምባ ብቻ ነበር የሚሄደው፤ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ድንገት ሙቀቱ ተቀበለን። የሰዓዳ እናት እትዬ ዘይነባ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ "በይ ግቢ፣ ልጄ፤ ብርዱ አክስቶሻል" እያሉ ጭኮ አቀረቡልኝ። ሰዓዳ ከጓዳ ወጣች። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት። "አውፍ ብያለሁ፣ ትቼዋለሁ" አለችኝ። ከዚያ፣ ምን እንደሰማሁ ሳልነግራት፣ ቀረጻውን ሰጠኋት።

ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ማዳመጫውን ስታወርድ ፊቷ ቀሎት ነበር፤ የድሮዋን ሰዓዳ መሰለች።

"ምንም የለም" አለች። "ባዶ ቤት ነው። ሄዳለች።"

"ደረጃውስ?"

"የምን ደረጃ?"

አየኋት። አየችኝ። ፀጉሯ ሥር ላቧ ሲወርድ ይታየኛል፤ እኔን ግን በዚያ ሁሉ ሙቀት ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር።

ለቶማስ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፦ "አንድ ሰው ደረጃ ወርዶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ፤ አልተናገረም።" ከሥሩ አዳምጬ አረጋግጫለሁ ብዬ ስሜን አኖርኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ የእህቱ ልጅ መለሰችልኝ። አጎቷ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲስቅ እንደቆየ፣ "ድሮም እኔ ከቤት ካልወጣሁ ከአልጋዋ አትወርድም ነበር" እንዳለና አጥፎ ኪሱ እንደከተተው ጻፈች። ቀሪ ዘመኑን በሙሉ እሷ ቤት ኖሮ እዚያው ዐረፈ።

ሥራው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ዛሬ ሰዓዳ ኮምቦልቻ የራሷ ቢሮ አላት፤ እኔም ደሴ የኔ አለኝ። ሥራ ሲበዛባት ለኔ ትልካለች፣ ሲበዛብኝ ለእሷ እልካለሁ። ሰዎች ይህን ሥራ እንዴት እንዳሳደግን ሲጠይቁን ስለ ኢንተርኔቱና ስለ ትጋቱ እናወራላቸዋለን፤ ስለዚያ ክረምት አናነሣም። ሁለታችንም ማንንም ሳንሰማ አንፈርምም። እኔ የሃይማኖት ሰው ልጅ ነኝ፤ ሙታን እንደማይመለሱ ተምሬ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። የሰማሁትንም ሰምቻለሁ። ሁለቱን ማስታረቅ ስላቃተኝ ጎን ለጎን ይዣቸው እኖራለሁ።

ያቺ ቀረጻ አሁንም እኔ ዘንድ አለች። ላፕቶፕ በቀየርኩ ቁጥር ወደ አዲሱ አዛውራታለሁ፤ ከፍቼ ግን ደግሜ አልሰማኋትም። የምፈራው እርምጃውን እንደገና መስማቱን ይሁን፣ ምንም ሳልሰማ መቅረቱን፣ እስከ ዛሬ ለራሴ መልስ አልሰጠሁም።