የማጥለያው ሌላኛው ጫፍ

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ጠጅ ማጥለል ነበር። የማጥለያውን ሻሽ አንዱን ጫፍ ባሌ፣ ሌላውን እኔ ይዘን፣ ጌሾው መሀል ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሱ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እንጠመዝዛለን።

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ አንቺ ሴትዮ! የሕፃን ፀጉር እያጠብሽ ነው እንዴ?»

«ክንድህ አርጅቶ በእኔ አታሳብብ» አልኩት።

ሳቀና ሻሹን ሳብ ሲያደርገው ወደ ፊት ተንገዳገድኩ። ጠጁ እስከ ክርናችን ወረደ።

ጠጅ ቤታችን ከእህል በረንዳ ጀርባ ነው። የከፈትነው ደርግ በወደቀ ሰሞን ነበር። ኩሊዎቹ የጤፍ አቧራቸውን ሳያራግፉ ይገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። አዲስ ሰው ሲመጣ ባሌ ደስ ይለዋል፤ የሚያስተምረው አገኘ ማለት ነው። ማር፣ ውሃና ጌሾ፤ ሌላ ነገር የለውም፤ ግን አንድ ዓይነት እንዳይመስልህ ይለዋል። ብርዙ ገና ያልፈላ ነው፤ ልጅም ይጠጣዋል። ለጋው ጣፋጭ ሆኖ ምላስ ጫር ያደርጋል። ጉሹ ሳይጠል የሚቀዳ፣ ድፍርስ፣ የጌሾው ምሬት ገና ያለበት ነው፤ ኩሊዎቹ ከሌላው ሁሉ እሱን ይወዳሉ። ደረቁ ማሩን በልቶ የጨረሰ ነው። «ይኼኛው የሚመታህ ስትጠጣው አይደለም፤ ልትነሳ ስትል ነው» ይላል። የቀይ ማር ጠጅ ከነጭ ማሩ የበለጠ ከበድ እንደሚል ለማሳየትም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምስ ነበር።

ከአባቱ የወረሰው አንድ ልማድ ነበረው። ለማንም ሰው ከመቅዳቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ሰውየው እያየው፣ እሱ ይቀምሳል። ባሌ ቀምሶ የዋጠውን ጠጅ የሚጠራጠር ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

ከዚያ ፊት ለፊታችን ሌላ ጠጅ ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ ስኳር በውሃ በጥብጦ፣ ቢጫ ቀለም ጨምሮበት ይሸጣል። እዚያ ጠጪው ገና ሳይመሽ ይደባደባል። ብርሌ ሲሰበር፣ ሰው በእርግጫ ወደ መንገድ ሲወረወር እንሰማለን። አንድ ቀን ጆሮው የተንጠለጠለ ሰው ደሙን እያዘራ ወደ እኛ ሮጦ ገባና ባሌ ጭንቅላቱን በማጥለያ አሰረለት። ጠጪ እየሸሸው ሲመጣ፣ ባለ ስኳሩ ሰውዬ ጠጁ በእኛ ቤት ስም እንዲሸጥለት ይለምን ጀመር። ቆይቶ ልመናው ዛቻ ሆነ።

ያን ጠዋት ያጠለልነው ሁሉ ለመስቀል አገራቸው የሚገቡ ነጋዴዎች ያዘዙት ነበርና ቀትር ላይ ተጭኖ አለቀ። ሰውየው ይህን ሰምቶ፣ ሁለት ጎረምሶች ጀሪካን አሸክሞ መጣ።

«ጋሼ፣ በርሜልዎ ባዶ ነው አሉ። ይኸው፣ የእኔ ነው ብለው ይቅዱት። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ።»

«ዘመኑ የነፃ ገበያ ነው ጋሼ!»

«ጉሮሮዬም ነፃ ነው።»

ኩሊዎቹ ሳቁ። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። ብርሌ ሞልቶ ባሌ አፍንጫ ሥር አቀረበው። «እንደ ልማድዎ ይቅመሱላቸዋ!»

ባሌ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ። ቀመሰ። ሁሉም እያየ መሬት ላይ ተፋው።

ሰውየው ብርሌውን በጠረጴዛው ጠርዝ ሰበረና የቀረውን ስባሪ ባሌ አንገት ላይ ሰካው። በማማሰያው እንጨት አፉን መታሁት፤ ጥርሱ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ። ደገምኩት። ኩሊዎቹ አግዳሚውን አንስተው ጎረምሶቹ ላይ ወረዱባቸው። አንደኛው ወድቆ ሲረግጡት ጀሪካኑ ተገለበጠና ቢጫው ውሃ ከደሙ ጋር ወደ በሩ ፈሰሰ። እኔ ጠዋት ያጠለልንበትን ሻሽ ከገመዱ ላይ መንጭቄ የባሌን አንገት ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ደሙ በጣቶቼ መሀል ይወጣል። ወደ ሐኪም ቤት የጫንንበት ታክሲ ሲኒማ ራስ ሳይደርስ እጄ ላይ ሞተ።

ገዳዩ ታሰረ። ከሠልስቱ በኋላ የባሌ ታናሽ ወንድም አጠገቤ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ማሩ ተወዷል፤ እርስዎም ብቻዎን ነዎት። ግማሹን በስኳር ቢያደርጉት ማን ይፈርድብዎታል?»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ የያዝኩትን ብርጭቆ በእግሩ አጠገብ ከሰከስኩት። ድንጋጤው ሳይለቀው ተነስቶ ወጣ። ሌላም ሰው ደግሞ አልጠየቀኝም።

አሁንም በማር፣ በውሃና በጌሾ ጠጅ እጥላለሁ። ስቀዳ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ። የማጥለያውን አንዱን ጫፍ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስሬ፣ ሌላውን እኔ እጠመዝዛለሁ።